«28 ጌጅ» ተብሎ የሚሸጠውን ቆርቆሮ ሳትመዝኑ እንዳታለብሱ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ ኩታበርም ሆነ ወልዲያ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የቀራችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። «ባለቀለም ኢጋ፣ 28 ጌጅ፣ ከነማጓጓዣው ከነማልበሻው» እየተባለ ከሌላው ሱቅ ሁሉ በረከሰ ዋጋ የሚቀርብ ቆርቆሮ አለ። ላዩ ላይ 28 የሚል የጌጅ (የውፍረት መለኪያ) ቁጥር ታትሞበታል። ብረቱ ግን 28 አይደለም። ይህን የምለው የአክስቴን ጣሪያ አይቼ፣ ቆርቆሮውንም ራሴ አስመዝኜ ነው።

አክስቴ ከሐይቅ ወጣ ብሎ የ60 ቆርቆሮ ቤት ሠራች። ገንዘቡ ልጆቿ ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርተው የላኩት ነው። ሻጩ እቤቷ ድረስ መጥቶ «አብሽሪ እናቴ፣ ሃያ ዓመት ዞር ብለሽ አታይውም» አላትና ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ ተቀበለ። ቆርቆሮው በአይሱዙ መጣ፣ ሰውየው ያመጣቸው ሠራተኞች በጥድፊያ መትተውት ሄዱ። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። በበልጉ በረዶ ሲጥል ጣሪያው ጎደጓደ። በሁለተኛው ክረምት በየምስማሩ ዙሪያ ቡናማ ዝገት ታየ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው ኮርኒሱን አሳብጦ መኝታ ቤቱ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር። ሊጠግን የወጣው ልጅ በረገጠበት ሁሉ ቆርቆሮው ከእግሩ ሥር እየሰረጎደ፣ አንዱን ሲደፍን ሌላ አዲስ ቀዳዳ እየከፈተ ወረደ።

ጓሮ ግድግዳ ተደግፋ የቀረች አንድ ትርፍ ቅጠል (ነጠላ ቆርቆሮ) ነበረች። እሷን ወስጄ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። 2.9 ኪሎ ሆነች። ርዝመቷ 2 ሜትር ነው። ስፋቷን ለማወቅ ክር አንስቼ የሞገዱን ጉብታና ስርጉድ ተከትዬ ከዳር እስከ ዳር ለካሁ፤ 90 ሴንቲ ሜትር ወጣ።

ሒሳቡን ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህን ያዙ። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። ይህ የትም አገር፣ የማንም ፋብሪካ ብረት ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ የቆርቆሮውን ኪሎ ለካሬ ሜትሩ አካፍሉት፣ የወጣውን ደግሞ ለ7.85 አካፍሉት፤ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይመጣላችኋል። የአክስቴ ቆርቆሮ 2 ሜትር በ0.9 ሜትር፣ 1.8 ካሬ ነው። 2.9 ለ1.8 ሲካፈል 1.61፣ እሱ ለ7.85 ሲካፈል 0.2 ሚሊ ገደማ። በእኛ ገበያ 28 ጌጅ የሚባለው 0.4 ሚሊ፣ 30 ጌጅ 0.3 ሚሊ፣ 35 ጌጅ ደግሞ 0.2 ሚሊ አካባቢ ነው። አክስቴ የ28 ከፍላ 35 ለበሰች ማለት ነው። እውነተኛ 28 ቢሆን ያች ቅጠል 5.65 ኪሎ መመዘን ነበረባት። ከእያንዳንዱ ቅጠል 2.75 ኪሎ ጎድሏል፤ በ60 ሲባዛ 165 ኪሎ ብረት። ከአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ጣሪያ ላይ 165 ኪሎ ብረት ተቀንሶ ነው ዋጋው «የረከሰው»።

ሒሳብ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ይህችን ብቻ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ፦ በክር ተለክቶ አንድ ካሬ የሚሆነው ቆርቆሮ 0.2 ሚሊ ከሆነ 1.6 ኪሎ፣ 0.3 ከሆነ 2.4 ኪሎ፣ 0.4 ከሆነ 3.1 ኪሎ ይመዝናል። ክሩ ግን የግድ ሞገዱን ወጣ ገባ ብሎ መከተል አለበት፤ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ብትወጥሩት ስፋቱ ያንሳል፣ ስሱ ቆርቆሮም ወፍራም መስሎ ይወጣል። ረጃጅሙን ሚዛን ላይ ማውጣት ካስቸገረ እስሩን በሙሉ አስመዝናችሁ ለቅጠሉ ብዛት ማካፈል ነው። ሻጩ «ቀለሙን አልቆጠርክም» ቢላችሁ አትደናገጡ። ቀለም ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ ሚዛኑ ካደላም የሚያደላው ለእሱ ነው። ማይክሮሜትር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ያለው የብረት ሥራ ቤት ካገኛችሁ ጫፉን አስለኩት። በእጅ ዳብሶ «ጠንካራ ነው» ማለት ግን አይሠራም፤ ሞገድ የወጣለት ስስ ብረትም ሲይዙት ደንደን ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። የጌጅ ቁጥር ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። 35 ከ28 የተሻለ መስሏቸው «ትልቁን ስጠኝ» የሚሉ ሽማግሌዎች ሰምቻለሁ፣ ሻጩም ዝም ብሎ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ጌጅ የሚባለውን ትታችሁ «ስንት ሚሊ ነው?» በሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ውፍረቱ ትክክል ሆኖ እንኳ ዚንኩ ስስ ከሆነ ጣሪያው አይበረክትም። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው በሁለቱም ፊቱ የተለበጠው ዚንክ ነው፤ ቆርቆሮው ሲጫርና ሲቆረጥ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ ብረቱን ያተርፈዋል። መጠኑ በግራም በካሬ ሜትር ይነገራል። ዜድ 275 የሚባለው የሁለቱ ፊት ድምር 275 ግራም ነው፤ በአንድ ፊት 19 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያህል ይሆናል። ዜድ 60 ቢሆን በአንድ ፊት 4 ማይክሮን ብቻ። ሁለቱ ገበያ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ በዓይን አትለዩአቸውም፣ በላዩ ቀለም ከተቀባማ ጭራሽ። የእኛ አገር ደግሞ በልግና ክረምት፣ ሁለት ጊዜ ዝናብ ያያል፤ ሌሊት ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ጤዛ ይቋጠራል። አክስቴ ሻጩን ስለ ዚንክ ብትጠይቀው ምን ይመልስላት ነበር? ከሱቁ የወሰደችው ወረቀት ላይ ስለ ዚንክ አንድም ቃል የለም። ግራሙን የማይነግራችሁን ሻጭ ተሰናብታችሁት ሂዱ።

ቦታችሁንም እዩ። ጦሳ ሥር፣ ቦሩ ሜዳ፣ ኩታበር ላይ የምትሠሩ ከበረዶ ጋር ነው የምትኖሩት፤ እዚያ 0.2 ሚሊ ማልበስ በየዓመቱ ለመጠገን መዋዋል ነው። ባቲ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴና ጨፋ ወርዳችሁ ከሆነ ደግሞ ጠላታችሁ ፀሐይ ነው። ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ሙቀቱን ይስባል፣ ነጣ ያለው ይመልሳል፤ «ቀለም ለውበት ብቻ ነው» የሚላችሁን አትስሙ። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል አየር ገብቶ የሚወጣበት ክፍተት በሁለቱም ጫፍ እንዲተዉላችሁ አድርጉ። ብረት በሙቀት ይለጠጣል፦ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቆርቆሮ በሌሊቱ ብርድና በቀኑ ትኩሳት መሀል 40 ዲግሪ ልዩነት ካለ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል ያጥራል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም በምስማሩ ዙሪያ ያለውን ስስ ቆርቆሮ እያሰፋ ይበላዋል። የአክስቴ ጣሪያ ዝገቱ ከምስማሮቹ ዙሪያ የጀመረው በዚህና አሁን በምነግራችሁ ምክንያት ነው።

ሻጩ በነጻ የሚሰጠው ማልበሻ ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸው ከሻጩ ስለሆነ የሚቸኩሉት ለሚቀጥለው ቤት ነው። እኛ ዘንድ ምስማሩን ውሃ በሚወርድበት ስርጉድ ላይ መትተውታል፤ መመታት ያለበት ጉብታው ላይ ነበር። ምስማሩ ጎማ የለውም፣ ግማሹ እንዲያውም ዚንክ ያልነካው ተራ ምስማር ነው። ለቅንስናሹ በመቀስ መቁረጥ ሲገባቸው ግራይንደር ተጠቅመዋል፤ ከዲስኩ የሚፈናጠረው የጋለ ብናኝ ቀለሙ ላይ ተጣብቆ እያንዳንዱ የዝገት ዘር ሆኗል። ከላይ ወደ ታች የሚደራረበው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ደልደል ያለ ከሆነ 20ና ከዚያ በላይ መሆን ሲኖርበት፣ ቆርቆሮ ለመቆጠብ እጅግ አሳጥረውታል። በጎን የሚደራረበው ደግሞ አንድ ሞገድ ተኩል እስከ ሁለት ይሁን፣ አፉም ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይዙር። ተዳፋቱን እንዳትንቁ፤ ለቆርቆሮ ከ10 ዲግሪ በታች አትውረዱ፣ ይህም በ6 ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ማለት ነው።

እንጨቱንም አጣሩ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ የተመታ ምስማር እንጨቱ ሲደርቅና ሲጣመም ይላላል። ቆርቆሮው በሳሳ ቁጥር ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) መቀራረብ አለበት፤ የአክስቴን ሞራሌ ግን ለእውነተኛ 28 እንደሚሆን አራርቀው ነው የደረደሩት፣ ለዚህ ነው ሲረገጥ የሰረጎደው። ነፋስ ጣሪያን የሚነሣው ከዳር ጀምሮ ነው፤ በኮልሞው (የጣሪያው አናት መክደኛ)፣ በክፈፉና በሁለቱ ጫፍ ምስማሩ ከመሀሉ ይልቅ የጠበቀ ይሁን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጣሪያው ከለበሰ በኋላ ልስን የምታሠሩ ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የተረጨውን ሲሚንቶ ሳይደርቅ በውሃ አሳጥቡት፤ እርጥብ ሲሚንቶ ዚንክን ይበላል። ቆርቆሮው በዝናብ ከደረሳችሁም እንደታሰረ አታቆዩት፣ ፈታችሁ አድርቁት፤ አለዚያ በቅጠሎቹ መሀል የተኛው ውሃ ነጭ ዱቄት የሚመስል ዝገት ያወጣበታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። አክስቴ የተሰጣት ደረሰኝ የሚለው «ቆርቆሮ 60» ብቻ ነው። ሚሊ የለም፣ ግራም የለም፣ ሃያ ዓመት የተባለውም የለም። አቤት ልንል ስንነሣ የያዝነው ወረቀት ይህ ነበር፣ ሻጩም «ቆርቆሮ ሸጥኩ፣ ቆርቆሮ ሰጠሁ» ብሎ ቆመ። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ወይም አብሮት ባለው ውል ላይ ውፍረቱ በሚሊ፣ ዚንኩ በግራም፣ ርዝመቱ፣ ከተደራረበ በኋላ የሚሸፍነው ስፋት፣ ዋስትናው ስንት ዓመትና ለምን እንደሆነ (ለቀለሙ? ለዝገቱ? ለመብሳቱ?) ይጻፍ። የሚሸፍነውን ስፋት ያልኩት ሻጮች ቅጠሉን በሙሉ ስፋቱ እየቆጠሩ «60 ይበቃሻል» ብለው፣ መደራረቢያው ሲወጣለት ስለሚጎድል ነው። ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትስጡ፤ ቀሪው ቆርቆሮው ግቢያችሁ ወርዶ፣ እናንተ ከመረጣችሁት እስር ውስጥ አንድ ቅጠል ተመዝኖ ሲያልፍ ይከፈል።

ሚዛን ስትጠይቁ የሚቆጣ ሻጭ ያጋጥማችኋል፤ «ካላመናችሁኝ ለምን መጣችሁ» ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች የዕቃውን ጥራት ስላየ ወይም በዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ይናገራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። ስለዚህ የምትመዝኑት በተረከባችሁበት ቀን ነው። ከጎደለ፣ ሚዛኑ ላይ እንዳለ ፎቶ አንሡት፣ ሁለት ምስክር ያዙ፣ ለሻጩ በጽሑፍ ንገሩት፤ አንዲትም ቅጠል አታስመቱ። ከተበሳና ከተቆረጠ በኋላ የሚመልስላችሁ የለም።

እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ብቻቸውን ገበያ አትላኳቸው። ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ለምታምኑት ወንድም ወይም ጎረቤት ደውላችሁ አንድ ቅጠል እንዲያስመዝንና ፎቶውን እንዲልክላችሁ አድርጉ። በ2014ቱ ጦርነት ቤቱ ተጎድቶበት እንደገና የሚያለብስም በየሰፈሩ አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ ጊዜ መዝረፍ ነው ይህ ሥራ፣ ስለዚህ ለሱም ንገሩልኝ።

ቆርቆሮውን አስቀድማችሁ ያለበሳችሁ ደግሞ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በደረቅ ቀን ሰው አውጡ፣ ሞራሌው ባለበት መስመር ላይ እየረገጠ እንጂ በመሀሉ አይሂድ። የላሉትን ምስማሮች አስነቅላችሁ ባለጎማ ብሎን አስገቡባቸው፤ የዛገውን በሽቦ ብሩሽ አስፈግፍጋችሁ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከዚያ ቀለም አስቀቡ። በጣት ስትጫኑት የሚበሳ ቅጠል ካለ ግን ለቀለም ገንዘብ አታውጡ፣ እሱን ቀይሩት።