አባዬን ሀገሩ ላስገባችልን የትኬት ቢሮ እህት ምስጋና (ኦክስጅን ወይ ዊልቸር የሚጠቀም ቤተሰብ ያላችሁ አንብቡት)

ሰላም የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዲሲ ሰዎች። ፖስት ማድረግ ብዙም አይሆንልኝም ግን ይቺን ልጅ ሳላመሰግን ዝም ብል እግዜርም አይወደው። አባዬ አዲስ አበባ ገብቷል!! በቪዲዮ ሳየው በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ቡናውን እየጠጣ ጎረቤቱ ሁሉ ከቦታል፣ እኔ እዚህ አልቅሼ ልሞት።

አባዬ ሊጠይቀን መጥቶ እዚሁ እያለ ሳንባውን ታመመና ሆስፒታል ተኝቶ ሲወጣ ከኦክስጅን ማሽን ጋር ሆነ። ከዛ ወዲህ ወሬው ሁሉ "ሀገሬ አስገቡኝ" ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድንበት ቢሮ (ስሙን አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ) ለዊልቸር ተብሎ ተጨማሪ ብር ተቀበለን። ዊልቸር እኮ ነፃ ነው! እዚህ አሜሪካ በ1986 የወጣ የአካል ጉዳተኛ ተጓዦች ህግ አለ፣ አየር መንገድ ለዊልቸር እርዳታ ማስከፈል አይችልም፣ ይሄንንም በኋላ የነገረችኝ ይቺው ልጅ ናት። ስለ ኦክስጅኑ ስንጠይቃቸው ደሞ "ዝም ብላችሁ ይዛችሁ ግቡ፣ ማን ያያል" አሉን። ታየ እንጂ! ካውንተር ላይ የሀኪም ፎርሙ የታለ፣ ባትሪው ስንት ሰአት ይቆያል፣ ማሽኑስ የተፈቀደ ነው ወይ... እኛ ምኑን እናውቃለን። አባዬ ሱፉን ለብሶ ከረባቱን አስሮ ሻንጣው ተመዝኖ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ እያየው መለሱት። አንድም ሰው "አባባ" ብሎ ያናገረው የለም፣ እዛው ተቀምጦ እንደሌለ ሰው "ሰውየው መብረር አይችልም" ይባባላሉ። እስከ ቤት ድረስ መኪና ውስጥ ትንፍሽ አላለም። የትኬቱን ብር እስካሁን ያመላልሱናል፣ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ስደውል ደሞ ኦክስጅን የሚለውን ሲሰሙ "መልሰን እንደውላለን" ብለው ይሄው እየጠበቅኳቸው ነው።

ከዛ አንድ የቤተክርስቲያን እህት ሲልቨር ስፕሪንግ ትኬት ቢሮ ያለችውን ይቺን ልጅ ጠቆመችን። ስደውልላት ያው ፓስፖርት ላኪ፣ ቀን ምረጪ ትለኛለች ስል "አባባ አጠገብሽ አሉ? እስቲ ስልኩን ስጫቸው" አለችኝ። "አባባ እንደምን ዋሉ፣ ብጠይቅዎት አይቀየሙኝ፣ ደረጃ ይወጣሉ? ከወንበር ተነስተው ለብቻዎ ሽንት ቤት ይደርሳሉ? ማታ ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?" ለኛ ከ"ደህና ነኝ" ሌላ የማይወጣው ሰውዬ ሁሉን ነገር ዘረዘረላት፣ እኔ ራሴ የማላውቀውን ያኔ ሰማሁ። ዊልቸር ሲባል "ሽባ ነኝ እንዴ!" ብሎ ቤት የሚያናጋው አባቴን "ኤርፖርቱ ሩቅ ስለሆነ ነው እንጂ እርስዎስ ይሄዱ ነበር፣ ትንፋሽዎን ለሀገር ቤት ያቆዩት፣ እዛ ስንቱን ሰላም ይላሉ" ስትለው ሳቀ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በቃ፣ እኔ ልጁ ለሳምንታት ስለምነው ያቃተኝን በአንድ ስልክ ጨረሰችው።

ለካ ዊልቸሩም አይነት አለው፣ ደረጃ ለሚወጣ፣ ለማይወጣ፣ ጭራሽ ለማይራመድ እየተባለ ለየብቻ ይመዘገባል። ሜዲፍ የሚባለውን፣ ታማሚው መብረር ይችል እንደሆነ ሀኪም የሚሞላውን ፎርም ራሷ ክሊኒኩ ደውላ ሀኪሙ እንዲሞላው አደረገች (ምን ምን እንደተሞላ አትጠይቁኝ፣ ቁጥር በቁጥር ነው)። ከዱለስ ኤርፖርት አዲስ አበባ በቀጥታ 13 ሰአት ገደማ ስለሆነ ባትሪው የበረራውን ሰአት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ወደ 20 ሰአት የሚያቆይ ይሁን አለችን፣ ትርፍ ባትሪም መድሀኒትም በእጅ እንጂ ከታች ከሚጫነው ሻንጣ ጋር እንዳይገባ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር ሰው እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን እንደሚተነፍሰው ሊሳሳ ይችላል፣ አዲስ አበባም ያው እዛው አካባቢ ናት፣ ስለዚህ "ወርዶም ኦክስጅኑ ሊያስፈልገው ይችላል፣ ሀኪሙን ስለ በረራው ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቱም ጠይቂው፣ ቻርጀሩ የሀገር ቤቱን 220 ቮልት ይችላል ወይ? መብራት ሲሄድስ?" አለችኝ። ትኬት የሚሸጥ ሰው መብራት ሲሄድስ ብሎ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

የጉዞው ቀን ካውንተር ላይ ወረቀቱን አዩ፣ ማሽኑን አዩ፣ መልካም ጉዞ፣ አለቀ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ልጆችም "አባባ" እያሉ ነው ያስገቡት፣ ዊልቸሩን የገፋው ልጅ ደሞ አበሻ ሆኖ ተገኘና ጨዋታው ደራ፣ እኔን ዞር ብሎም አላየኝ፣ ዳዊቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ገባ!

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ሌላ ምን ልበል። ታማሚ ወላጅ ያላችሁ እባካችሁ እባካችሁ ርካሽ ትኬት ብላችሁ ዝም ብሎ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። የሷ ትንሽ ወደድ ሊል ይችላል፣ የኛም ወደድ ብሎ ነበር፣ ግን አባዬን በሰው ፊት ከሚመልሱብኝ እጥፉን ብከፍል ይሻለኛል። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስላለችኝ ነው እንጂ በትልቁ እጽፈው ነበር፣ ስልኳን ለምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የሀኪም ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ታማሚው አጠገባችሁ ሆኖ ደውሉላት፣ ስልኩን ስጡልኝ ማለቷ አይቀርም።