ከመጨረሻው ዘፈን ጋር ዘጠኝ ወር፦ የጆይ ዲቪዥን «ክሎውሰር» በሸክላ

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከሸክላው ሁለተኛ ፊት መጨረሻ ነው። የእንግሊዙን የሮክ ቡድን የጆይ ዲቪዥንን ሁለተኛ አልበም «ክሎውሰር»ን በሸክላ ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ከእነዚህ ውስጥ ስድስቱን ወር ያሳለፍኩት «ዲኬድስ» ከተባለው የመዝጊያ ዘፈን ጋር ስታገል ነው። ሌላው ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። መርፌው ወደ መሃል ሲጠጋ ግን የዘፋኙ የኢያን ከርቲስ ድምፅ ይሻክራል፤ «ስ» ያለበት ቃል ሁሉ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል።

ወደ ሱቁ ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ ከማኅደሩ እንኳን ሳያወጣው «የሸክላ ለዛው ይህ ነው» አለኝ። እስከ ዛሬ በልቤ እመልስለታለሁ፦ ወንድሜ፣ ለዛ ከሆነ ለምን የፊቱ መጨረሻ ላይ ብቻ ይመጣል? ለምን የመጀመሪያው ዘፈን ላይ የለም? ብዙ ከተከራከርን በኋላ በሌላ ቅጂ ቀየረልኝ። ቤት ወስጄ አጫወትኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ሻካራ ድምፅ።

እዚህ ግባ የማይባል ዘፈን ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። ግን ይህ አልበም የተቀዳው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በመጋቢት 1980 እዚሁ በምኖርበት ለንደን፣ ብሪታኒያ ሮው በተባለው ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት ለከበሮው፣ ለቤዙና ለድምፁ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባዶ ቦታ ሰጥቷቸዋል። ከርቲስ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሊሄድ በተሰናዳበት ዋዜማ፣ በዚያው አቆጣጠር ግንቦት 18 ቀን፣ በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። አልበሙ የወጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። የሽፋኑ ፎቶግራፍ ጣሊያን፣ ጄኖቫ በሚገኘው የስታልዬኖ መካነ መቃብር ያለ የቤተሰብ መቃብር ነው፤ የተመረጠውም እርሱ በሕይወት ሳለ ነበር። እንግዲህ አንድ ወጣት በሠራው የመጨረሻ አልበም ላይ የመጨረሻውን ዘፈን እያሻከረ የሚያሰማኝን ነገር «ለዛ» ብዬ ልቀበል?

መልሱን ያገኘሁት ከራሱ ከሸክላው አሠራር ነው። የአልበም ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል፤ ከዳር እስከ መሃል ፍጥነቱ አይለወጥም። ዙሪያው ግን ወደ መሃል ሲሄድ ያጥራል። ዳር ላይ መርፌው በአንድ ሰከንድ ከ50 ሴንቲሜትር በላይ ሲጓዝ፣ ወረቀቱ ከተለጠፈበት አጠገብ ሲደርስ 20 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል። ያው የአንድ ሰከንድ ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ቦታ ታጭቋል ማለት ነው። የእኔ ማጫወቻ መርፌ ጫፉ ድቡልቡል ስለነበረ እነዚያ የተጨናነቁ ጥቃቅን ሞገዶች ውስጥ ሊገባ አልቻለም። ጫፉ ሞላላ የሆነ መርፌ ገዛሁ፤ የማዕዘን መለኪያ በወረቀት አትሜ የመርፌውን አቀማመጥ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አስተካከልኩ።

ከዚያ «ዲኬድስ»ን አስጀመርኩ። ሲንተሳይዘሩ ቀስ ብሎ ሲነሳ፣ ከበሮው ከሩቅ ሲመጣ፣ ከርቲስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲገባ፣ ቃላቱ ሙሉ ነበሩ። ተቀምጬ አለቀስኩ። ስድስት ወር ሙሉ ጉድለቱን ብቻ ሳዳምጥ ዘፈኑን አልሰማሁትም ነበር።

ከእርሱ በፊት ባለው በ«ዘ ኢተርናል» ላይ ከፒያኖው ኋላ የሚንሿሿ ድምፅ አለ። እርሱንም የሸክላው ችግር ነው ብዬ ለሻጩ ባቀረብኩት የቅሬታ ዝርዝር ውስጥ አስገብቼው ነበር። በኮምፒውተር ሳዳምጠውም እዚያው አለ፤ የሙዚቃው አካል ነው። በዚህ ነጥብ ሻጩን በድያለሁ። በ«ለዛው» ግን አሁንም አልስማማም፤ ስለ መርፌው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነግረኝ ሁለታችንም ባረፍን ነበር።

የመጀመሪያው ፊት ምንም እንከን የለውም። መክፈቻው ላይ የቤዝ ተጫዋቹ ፒተር ሁክና የጊታር ተጫዋቹ በርናርድ ሰምነር ቤዝና ጊታራቸውን ተለዋውጠው መጫወታቸው እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል፤ የስቲቨን ሞሪስ ከበሮም በጥሩ መርፌ ሲሰማ ክፍሉን ይሞላዋል። ማኅደሩ ጠርዙ ላይ ትንሽ ተልጧል፤ ግድ አልሰጠኝም።

በገዛሁ በአራተኛው ወር ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ አትግዙት እል ነበር። አሁን ግን ገንዘቤን ቢመልሱልኝ እንኳን አልሰጥም። በ«ዲኬድስ» የመጨረሻ ደቂቃ ላይ ትንሽ ሻካራ ድምፅ እስካሁን ቀርታለች፤ እርሷን የሚያጠፋ መርፌ ዋጋው ከማጫወቻው ይበልጣል። የእህቴ ልጅ ይህንኑ አልበም በሸክላ ይፈልጋል። ለልደቱ የገዛሁለት ግን በመጀመሪያ መርፌውን ነው፤ ሸክላው በሚቀጥለው ወር ይደርሳል።