ውኃው ሳይጎድል መናገር፦ የጎጃም ፍርድ ቤቶች አገልግሎት ሲመዘን

«ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው ተረት ለጎጃም ባለጉዳይ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። ጉዳዩ ፌዴራል ሰበር (በመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) የደረሰ የደብረ ማርቆስ ሰው የደጀንን ቁልቁለት ወርዶ፣ አባይን ተሻግሮ፣ በጎሃ ጽዮን ወጥቶ አዲስ አበባ ለመግባት 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝ ነበር። ያውም ቀጠሮው በጥቂት ደቂቃ ሊያልቅ። ዛሬ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከክልሎች ጋር በፕላዝማ (በቪዲዮ ስክሪን) ችሎት ያካሂዳል፤ በክልሉ ውስጥም ተዘዋዋሪ ችሎት አለ፤ የነጻ ሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት ተከፍተዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ መንግሥት ለዚህ ካደረገው ጥረት እዚህ አገር በግልጽ የሚታየው በሩን የማስፋት ሥራ ነው። ክስ መክፈት በእርግጥ ቀሏል። ጉዳይ የሚሞተው ሌላ ቦታ ነው፤ መጥሪያ ላይና አፈጻጸም (የተፈረደውን ማስፈጸም) ላይ።

ከበሩ እንጀምር። አቤቱታ ማስጻፊያ ሦስት አማራጭ አለ፦ ጠበቃ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ የሚቀመጥ ራፖር ጸሐፊ፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡት ነጻ አገልግሎት በተለይ ለሴቶች፣ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአቅመ ደካሞች የተዘጋጀ ነው፤ እዚያ የሚጻፍ አቤቱታ ከራፖር ጸሐፊው የተሻለ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግድ ነው፦ «ትጽፉልኛላችሁ ወይስ ችሎት ቆማችሁ ትከራከሩልኛላችሁ?» ብዙ ባለጉዳይ አቤቱታ ስለተጻፈለት ጠበቃ የቆመለት ይመስለውና በቀጠሮው ቀን ብቻውን ይቀራል። በወንጀል የተከሰሰና ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ሰው ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን በመንግሥት ወጪ ተከላካይ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ይህን መጠየቅ ያለበት ምስክር መሰማት ሳይጀምር ነው።

ራፖር ጸሐፊውን መናቅ አይገባም፤ ገጠር ወረዳ ላይ ከእሱ ሌላ የለም። የሚያበላሸው አንድ ነገር ነው። ታሪኩን ሦስት ገጽ ይጽፍና የዳኝነት ጥያቄውን በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ፍርድ ቤት ያልተጠየቀውን አይፈርድም። «መሬቴን ይልቀቅልኝ» ብቻ ብሎ የከሰሰ ሰው የሁለት ዓመቱን ምርት ግምት በዚያው መዝገብ አያገኝም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የመጨረሻውን አንቀጽ ማስነበብ ያሻል፦ መሬቱ እንዲለቀቅ፣ የምርቱ ግምት በብር፣ ወጪና ኪሣራ፤ እያንዳንዱ በቁጥር ተለይቶ።

አቤቱታው ራሱ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 222 መሠረት የፍርድ ቤቱን ስም፣ የተከራካሪዎችን ስምና አድራሻ፣ ክሱ የተነሣበትን ነገር ከቦታና ከጊዜው ጋር፣ የክርክሩን ግምትና የሚጠየቀውን ዳኝነት ይይዛል። ከሱ ጋር በአንቀጽ 223 የምስክሮችና የሰነዶች ዝርዝር ይያያዛል። ሰነዱ በሌላ ሰው ወይም መሥሪያ ቤት እጅ ካለ የት እንዳለ መጻፍ እንጂ መተው አይደለም፤ የተተወ ማስረጃ በኋላ ለማስገባት ያስቸግራል። ቅጂው ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ ነው። አራት ወንድማማቾች ከተከሰሱ አምስት ቅጂ ማለት ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መብራት የጠፋበት ቀን ላይ ይህ ሒሳብ ትርጉም ያገኛል።

ግምት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክስ ሲከፈት ለፍርድ ቤቱ የሚከፈለው የዳኝነት ገንዘብ በግምቱ ልክ ስለሚሰላ ብዙ ሰው ግምቱን ያሳንሳል፤ ጉዳዩ ወረዳ ወይስ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደሚታይ የሚወስነውም ይኸው ግምት ነው። ተከሳሹ ይህን መቃወሚያ አድርጎ ያነሣውና ከወራት በኋላ መዝገቡ ተዘግቶ ከዜሮ ይጀመራል። መክፈል የማይችል ሰው በአንቀጽ 467 በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ለዚህ የቀበሌ ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም፤ ንብረቱን ከነግምቱ የሚዘረዝር፣ በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ይጠየቃል። ሁለት በጎችን ደብቆ «ምንም የለኝም» ያለ ሰው ተቃራኒው ወገን በጎቹን ቆጥሮ ሲያቀርብበት ፈቃዱን ያጣል። ያለውን መዘርዘር ይሻላል፤ ሕጉ ሁሉን ያጣ ሰው አይፈልግም፣ የዳኝነቱን ገንዘብ ለመክፈል አቅም የሌለው እንጂ።

የመሬት ክርክር ላይ፣ የጎጃም መዝገብ ቤቶች መደርደሪያ ግማሹ እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፣ ሌላ ወጥመድ አለ። «ሁለት ጥማድ መሬት» ወይም «አንድ ቃዳ» ብሎ መጻፍ ለጎረቤት ይገባል፣ ለአፈጻጸም አይገባም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ያለውን የማሳ መለያ ቁጥር፣ ስፋቱን በሄክታር፣ አራቱን አዋሳኞች በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ መጻፍ ግድ ነው። አዋሳኙ ከሞተ ወራሹ ማን እንደሆነ ይጨመር። ይህ ያልተጻፈበት ክስ ቢረታ እንኳ ፍርዱ «ተከሳሽ መሬቱን ይልቀቅ» ብቻ ብሎ ይወጣል፤ የአፈጻጸም ሰዎች ማሳው ላይ ሲደርሱ ተከሳሹ «የተፈረደው ይኼኛው አይደለም፣ ያኛው ነው» ይላል፤ ነገሩ እንደገና ሌላ ክርክር ይሆናል። ወቅቱም ይታሰብበት። መሬቱ ከተዘራ በኋላ ፍርድ ቢመጣ እህሉ የማን ነው የሚል ጥያቄ ይወለዳል፤ ስለዚህ የእግድ ማመልከቻ በአንቀጽ 154 የሚቀርበው መሬቱን ማረሻ ሳይነካው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድለት። መዝገብ ቤቱ መጥሪያውን ማኅተም አድርጎ ለከሳሹ ይሰጣል፤ ከሳሹ ቀበሌ ይዞት ይሄዳል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በከሳሹ ጫንቃ ነው። ተከሳሹ ይሸሸጋል፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ስብሰባ ሄዷል፤ ክረምት ከሆነ ወንዙ ሞልቷል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ መጥሪያ ይዞ ራቅ ወዳለ ቀበሌ መሄድ ራሱ ፈታኝ ሆኗል። በዚህ መሐል ከሳሹ በራሱ ጥፋት መጥሪያውን ሳያደርስ ከቀረ መዝገቡ ይዘጋል። ሁለቱም ወገን በቀጠሮው ካልቀረቡም እንዲሁ፤ በአዲስ ለመክፈት የዳኝነት ገንዘብ እንደገና ይከፈላል። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው በር የቱንም ያህል ቢሰፋ ድሃ የሚወድቀው እዚህ ነው።

የሚረዱ ነገሮች አሉ። የተከሳሹ ስም እስከ አያት፣ ከዚያም ጎጡ ይጻፍ፤ በአንድ ቀበሌ ሦስት «ሙሉጌታ አለሙ» አይጠፋም፣ ጉዳዩ የማይመለከተውም ሰው መጥሪያ ተቀብሎ ፈርሞ ይገኛል። ተከሳሹ ካልተገኘ አብሮት ለሚኖር ለአካለ መጠን የደረሰ ቤተሰብ መስጠት ይቻላል። አልቀበልም ካለ መጥሪያውን ይዞ መመለስ ስህተት ነው፤ እምቢ ማለቱ በምስክር ፊት ይጻፍ፣ ምስክሮቹ ይፈርሙ፣ ያደረሰው ሰው በቃለ መሐላ ያረጋግጥ። ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልተሳካ ሦስተኛ ቀጠሮ ከመለመን በአንቀጽ 105 ምትክ መጥሪያ (እጅ በእጅ ከመስጠት ይልቅ ለምሳሌ በማስታወቂያ የሚደረስ) እንዲታዘዝ ማመልከት ነው። ተከሳሽ ለሆነ ሰው ደግሞ፦ መደበቅ አያድንም። በሌለበት ከተፈረደ በኋላ ፍርዱን ለማስነሣት ያለው ጊዜ ካወቀበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው፤ ለመቅረቱም በቂ ምክንያት ይጠየቃል።

ተዘዋዋሪ ችሎት ጥሩ ሥራ ነው፤ ሞጣ ወይም ቢቸና አካባቢ ያለ ሰው የዞን ከተማ ድረስ ምስክር አሳፍሮ ከማምጣት ይገላገላል። ድክመቱ ግልጽ ነው። ችሎቱ የሚቀመጠው ለተወሰኑ ቀናት ስለሆነ አንድ ምስክር የጎደለበት ጉዳይ የሚቀጠረው ለነገ ሳይሆን ለሚቀጥለው ዙር ነው። ምስክሮቹን ሁሉ በአንድ ቀን ማቅረብ፣ ዋናውን ሰነድ መያዝ፤ እዚህ «ረሳሁት» ዋጋው ወራት ነው።

ፕላዝማው ከሁሉ የተሻለ ውጤት ያለው ነው ብንል አናጋንንም፣ መብራቱና መስመሩ ካልተቋረጠ። በስክሪን ሰነድ አይቀበሉም፤ ከቀጠሮው ቀን በፊት በመዝገብ ቤት በኩል ያልገባ ወረቀት እጅ ላይ ይቀራል። ከማይክሮፎኑ ርቆ የሚናገር ሰው ክርክሩ አይሰማም፤ ፊቱን ወደ ተከራካሪው አዙሮ የሚናገር ደግሞ ዳኞቹ ግማሹን ብቻ ይሰማሉ። የሰበር ችሎቱ ፍሬ ነገርንና ምስክርን አይመዝንም፤ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት መኖሩን ነው። አምስትና ከዚያ በላይ ዳኞች የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያለውን የክልል ፍርድ ቤት ሁሉ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ወረዳ ላይ እያሉ ተመሳሳይ የሰበር ውሳኔ ፈልጎ ከክርክሩ ጋር ማያያዝ ብዙ መንገድ ያሳጥራል።

ይግባኝ ላይ በአጭሩ፦ በፍትሐ ብሔር ጊዜው 60 ቀን ነው። የፍርዱ ግልባጭ በተፈረደበት ዕለት በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የተጠየቀበትና የተሰጠበት ቀን በማኅተም ይረጋገጥ። ጠበቃዬ ረሳው ማለት ያለፈ ጊዜን አያስፈቅድም፤ ሕጉ ይህን ለይቶ ዘግቶታል።

አፈጻጸም ግን ከሁሉ የከፋ ውጤት ያለው ክፍል ነው። ፍርድ ያገኘ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል፤ ሌላ መዝገብ፣ በአንቀጽ 378 ሌላ ማመልከቻ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው የለም። የባለዕዳውን ንብረት ፈልጎ የሚያቀርበውም የፍርድ ባለመብቱ ነው። የገጠር መሬት አይሸጥም። ለገበሬው መተዳደሪያ የሚያስፈልግ የእርሻ ከብትና ዘርም አይያዝም። የተረፈ ወይፈን ቢገኝ ወንድም ይመጣና «የኔ ነው» ብሎ በአንቀጽ 418 ይቃወማል። ለዚህ መፍትሔው ከፍርድ በኋላ የሚጀመር አይደለም፤ ክሱ ሲከፈት ባለዕዳው ያለውን ነገር፣ የባንክ ሒሳብ፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ወፍጮ፣ በከተማ ያለ ቦታ፣ መዝግቦ መያዝና ሊሸሽ ይችላል የሚባለውን ቀድሞ ማሳገድ ነው። ይግባኝ መባሉ ብቻውን አፈጻጸምን አያግድም፤ የእግድ ትእዛዝ በእጁ ያልያዘ ባለዕዳ «ይግባኝ ብያለሁ» ቢል አይሰማም።

በእያንዳንዱ ጉዞ የተከፈለው የመኪና፣ የፎቶ ኮፒና የምስክር አበል ደረሰኝ ተጠራቅሞ ይቀመጥ። ፍርዱ «ወጪና ኪሣራ መጠየቅ ይችላል» ካለ ዝርዝሩ የሚቀርበው በዚያ ደረሰኝ ነው፤ ያለ ደረሰኝ የሚቆረጠው ዳኛው የመሰላቸው ነው፣ ብዙ ጊዜም ከደጀን አዲስ አበባ አንድ መልስ አያደርስም።