በላንድክሩዘር 80 ላይ የእጅ ቦስት መቆጣጠሪያ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

መኪናው ላንድክሩዘር 80 ነው። ሞተሩ 1ኤችዲ-ቲ፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፤ ቱርቦው (በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ የሚያስገባው) የፋብሪካው ሲቲ26 ሲሆን ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያበርድ) የለውም። የተገጠመለት ዕቃ ኳስና ስፕሪንግ ያለው፣ በእጅ የሚዞር ቦስት (ቱርቦው የሚፈጥረው የአየር ግፊት) መቆጣጠሪያ ነው። ዘጠኝ ወር በአዲስ አበባ፣ በአባይ በረሃና በአዋሽ መስመር ሠርቷል። ዕቃው ሥራውን በትክክል ይሠራል። ግን የቦስትና የጭስ ሙቀት ጌጅ ሳይኖረው የሚገጥመው ሰው ሞተሩን በጭፍን እየነካካ ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ጌጁ ይቅደም።

ከቱርቦው ወጥታ ወደ ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ የሚያሳልፈው በር) አክቹዌተር (በሩን በግፊት የሚከፍተው ክፍል) የምትሄድ ቀጭን ቱቦ አለች። በእሷ የሚሄደው ግፊት የአክቹዌተሩን ስፕሪንግ ሲያሸንፍ ዌስትጌቱ ይከፈታል፣ ትርፉ ጭስም ተርባይኑን (ጭስ የሚያዞረውን የቱርቦውን መዘውር) ሳያዞር ያልፋል። መቆጣጠሪያው የሚገባው በዚህች ቱቦ መሀል ነው። ኳሱ ግፊቱ የተወሰነለት ልክ እስኪደርስ መንገዱን ስለሚዘጋ ዌስትጌቱ ያለጊዜው ማፍሰሱ ይቀራል፣ ቱርቦውም ቀደም ብሎ ይነሳል። በዚህ መኪና 8 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ) ቀድሞ የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 2,200 ዙር ገደማ ላይ ሲደርስ ነበር፤ አሁን 1,900 ገደማ ላይ ይገኛል። ሽቅብ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳትበት የከፍታ ነገር ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ ነው፤ 2,355 ሜትር ላይ ባለችው አዲስ አበባ ግን ወደ 11.1 ይወርዳል። ጌጁ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ጅቡቲ ላይ 12 የሚል ጌጅ ሞተሩ 26.7 እያገኘ ነው ማለት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ያው 12 የሚለው 23.1 ማለት ነው። እዚህ ሆኖ የባሕር ጠለሉን አየር ለማግኘት ጌጁን ወደ 15.6 ማውጣት ያስፈልጋል። ያኔ ቱርቦው የሚስበውን አየር 2.4 ጊዜ መጭመቅ አለበት፤ ታች ቢሆን 1.8 ጊዜ ይበቃው ነበር። እዚያ ለመድረስ እጅግ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩንም ያግላል። ኢንተርኩለር በሌለው ሞተር ያ ግለት በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ቆላማ አገር ያሉ ሰዎች የሚጽፉትን «16 አድርጉት፣ ምንም አይሆንም» የሚል ምክር አዲስ አበባ ላይ እንዳለ መውሰድ ቱርቦ ማቃጠል ነው። ይህ መኪና 12 ላይ ቆሟል፤ ኢንተርኩለር እስኪገባለት ከዚያ አያልፍም።

ሲገጠም መጀመሪያ የጭስ ሙቀቱ መለኪያ ይግባ፣ ያውም ከቱርቦው በፊት፣ ጭሱን ከሲሊንደሮቹ በሚሰበስበው ማኒፎልድ ላይ። ከቱርቦው በኋላ ከተገጠመ ጭነት ሲበዛ ከ100 እስከ 200 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ስለሚያሳይ ያታልላል። ማኒፎልዱ ሲበሳ ቱርቦውን ማውረድ ይሻላል፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ተርባይኑ ውስጥ ከቀረች ምላጮቹን ትበላለች። የግድ ሳይወርድ ይበሳ ከተባለ ትራፓኖውንም ጥርስ ማውጫውንም ግራሶ ቀብቶ በየጥቂቱ እያወጡ መጥረግ፣ መጨረሻ ላይ በማግኔት መልቀም ነው። የቦስት ጌጁ መስመር ደግሞ ከአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ይቀጠል። ከአክቹዌተሩ ቱቦ ላይ መቀጠል ስህተት ነው፤ መቆጣጠሪያው ስለሚዘጋው ትክክለኛውን ግፊት አያሳይም።

የመቆጣጠሪያው አካል ላይ ያለው ቀስት ወደ አክቹዌተሩ ማመልከት አለበት። ከተገለበጠ ዌስትጌቱ አይከፈትም፣ ቦስቱም ልጓም የለውም። ቱቦው 4 ሚሊሜትር ሆኖ ሙቀት የሚችል፣ ጫፎቹም በብረት ማሰሪያ የተጠበቁ ይሁኑ። ይህን ሰው ይንቀዋል። ይህች ቱቦ ብትወልቅ ወይም ብትሰነጠቅ ግን ለዌስትጌቱ «በቃ» የሚለው የለም፣ ግፊቱ ወደ ላይ ይሄዳል። አብሮት በካርቶኑ የመጣው ስስ የሲሊኮን ቱቦ በአራተኛው ወር ከቱርቦው በኩል ያለው ጫፉ ደርቆ ተሰነጠቀ። ጌጁ ድንገት ከ15 ማለፉን ስላሳየ ነዳጅ በመልቀቅ ተተርፏል። አሁን ያለው በክር የተጠለፈ ወፍራም ቱቦ ነው።

ማስተካከሉ ትዕግስት ይፈልጋል። ማዞሪያው ሙሉ በሙሉ ላልቶ ይጀመራል። ሞተሩ ሲሞቅ ረጅም ሽቅብ ተፈልጎ፣ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ እስከ ወለሉ ተረግጦ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ይነዳል። ቆሞ ጋዝ መስጠት ምንም አያሳይም፤ ጭነት ከሌለ ቦስት የለም። ከዚያ በግማሽ ዙር ብቻ ማጥበቅ፣ እንደገና መንዳት፣ ጌጁን ማየት። የሚፈለገው ልክ ሲደርስ የመቆለፊያውን ዳዶ ማጥበቅ አይረሳ፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ ማዞሪያው በራሱ ይላላል። ኳሱ ድንገት ስለሚከፍት የጌጁ መርፌ መጀመሪያ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል አልፎ ይመለሳል። ስለዚህ 12 የሚፈልግ ሰው የሚያየው ከፍተኛ ጫፍ 14 ገደማ መሆኑን ይወቅ።

ከአቧራማ መንገድ በኋላ የሚመጣ አንድ ብልሽት ብዙ መካኒክ ያደናግራል። መቆጣጠሪያው ጎን ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ሥራዋ ነዳጅ ሲለቀቅ አክቹዌተሩ ውስጥ የቀረውን ግፊት ማስተንፈስ ነው። አቧራና የዘይት ጭጋግ ተቀላቅለው ሲደፍኗት የመጀመሪያው እርግጫ ልክ ይሆናል፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ግን ቦስቱ 6 ወይም 7 ላይ ይቀራል፤ የታሰረው ግፊት ዌስትጌቱን ከፍቶ ይዞታልና። ቱርቦው ሞተ ብሎ ከማውረድ በፊት ይህችን ቀዳዳ ማየት ነው። ከሽቦ ብሩሽ የተነቀለ አንድ ቀጭን ሽቦና ጥቂት ቤንዚን ይበቃታል። በትራፓኖ ማስፋት ግን አይገባም፤ ከሰፋች የሚሾልከው ስለሚበዛ ቦስቱ ከተስተካከለበት ልክ በላይ ይወጣል። ዕቃው ቀዳዳዋ ወደ ታች እንድትሆን ተደርጎ ከማኒፎልዱ ሙቀት ርቆ ቢታሰር የመደፈኗ ዕድል ይቀንሳል።

ሻጮች «ነዳጅ ይቆጥባል» ይላሉ፤ በዘጠኝ ወር የታየ ለውጥ የለም። ጉልበትም ቢሆን በአየር ብቻ አይመጣም። በዚህ ሞተር ፖምፓው ላይ ቦስት ሲጨምር ናፍጣ የሚጨምር ዲያፍራም አለ፤ እሱ የእንቅስቃሴው ጫፍ ከደረሰ በኋላ የሚገባው ተጨማሪ አየር ጭሱን ያጠራል፣ ሙቀቱንም ያበርዳል እንጂ አይገፋም። እውነተኛው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የፖምፓው ናፍጣ ሳይነካ፣ ከአባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን በሚወጣው ሽቅብ የጭስ ሙቀቱ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ቀንሷል፣ ጥቁር ጭሱም ሳስቷል። ናፍጣ መጨመር የሚፈልግ ሰው የዲያፍራሙን የፋብሪካ ቦታ ምልክት አድርጎ በጥቂቱ ያዙር፤ ከቱርቦው በፊት 700 ዲግሪ ላይ ሲደርስ እግሩን ያንሳ፣ 750ን ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይታገስ። ናፍጣ ሲጨመር መጀመሪያ የሚያጉረመርመው ብዙ ጊዜ ያረጀ ፍሪሲዮን ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ናፍጣ ላላቸው አዳዲስ ሞተሮች፣ ለምሳሌ ለፕራዶውና ለሃይሉክሱ 1ኬዲ፣ ይህን ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የእነሱን ቱርቦ የሚያዝዘው ኮምፒውተሩ ነው፤ ያላዘዘው ግፊት ሲያይ መብራት አብርቶ ጉልበቱን ይቀንሳል።

በየዘይት ቅየራው የሚደረገው ይህ ነው፦ ቱቦውን በጣት አጠፍ አድርጎ ስንጥቅ መፈለግ፣ ማሰሪያዎቹን ማጥበቅ፣ ቀዳዳዋን በሽቦ መንካት፣ ዳዶውን መፈተሽ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።