የውሸት ኮብራ ወይስ ጥቁሩ የበረሃ ኮብራ?

ሁለቱም እባቦች በሲና (ግብፅ) እና በኔጌቭ (እስራኤል) በረሃ አሉ። የውሸት ኮብራው አሸዋ የመሰለ ነው፣ ዓይኑ ትልልቅ፣ ከአፉ ጥግ ኋላ ጥቁር ምልክት ያለው። በቀን ወጥቶ እንሽላሊትና አይጥ ያድናል። ሲደነግጥ አንገቱን ጠፍጥፎ፣ ቀና ብሎ ያፏጫል፤ ያየው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል። መርዝ አለው፣ ግን የመርዝ ጥርሶቹ ከላይኛው መንጋጋ ኋላ ስለሆኑ በደንብ ካልያዘ ብዙም አያስገባም፤ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ህመምና እብጠት ነው።

ጥቁሩ ደግሞ የሌሊት ነው። የሚገርመው፣ እውነተኛው የኮብራ ዘመድ እሱ ሆኖ አንገቱን እንደዚያ አይዘረጋም። መርዙ ግን ነርቭ ያጠቃል፣ ሊገድልም ይችላል። በማስፈራራት አሸናፊው ውሸታሙ ነው ባይ ነኝ። ከተነከሳችሁ ግን የትኛው ነው ብላችሁ አትመራመሩ፣ ቀጥታ ሐኪም ቤት።