የአጫጭር ጊዜ ሥራዎቼን በአግባቡ ለጻፈችልኝ የደብረ ብርሃን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በደብረ ብርሃን ከተማ መናኸሪያ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ አገልግሎት የምትሰጥ አንዲት እህታችን፣ ሲቪዬን ስታዘጋጅልኝ ላሳየችው ጥንቃቄ በአደባባይ ላመሰግናት እወዳለሁ። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች ፈቃዷን አከብራለሁ፤ ሥራዋን ግን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ከተመረቅሁ ወዲህ የሠራኋቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ከጥቂት ወራት የማይዘልቁ ናቸው። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ምርጫ በምርጫ አስፈጻሚነት፣ በቀወትና በአንኮበር ወረዳዎች በቤት ለቤት መረጃ ሰብሳቢነት፣ ወደ ከተማችን ለመጡ ተፈናቃይ ወገኖች በሚሰጥ እርዳታ በመዝጋቢነት፣ በመሀሉም በሕንፃ ግንባታ ሥራዎች ላይ በስቶር ኪፐርነት ሠርቻለሁ። በሰሜን ሸዋ እንደ እኔ ያለ ወጣት ብዙ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ውሉም አብሮ ያልቃልና። ይህ ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ሲደረደር ግን፣ የሚያነበው ቀጣሪ ሠራተኛው አንድ ቦታ የማይረጋ ሰው ይመስለዋል።

ባለሙያዋ እንደተለመደው ከተዘጋጀ ቅጽ ላይ ስም ቀይራ አልሰጠችኝም። በመጀመሪያ ማስረጃዎቼን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ ከዚያም ሥራዎቹን በቀን ሳይሆን በዓይነታቸው ከፋፍላ፣ መረጃ መሰብሰብና መመዝገብን በአንድ ርእስ፣ የንብረት አያያዝን በሌላ ርእስ ሥር አሰባሰበቻቸው። በእያንዳንዱ ሥራ ፊት ቀጣሪውን፣ ቦታውንና ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ ካሰፈረች በኋላ «የኮንትራት ሥራ፤ ውሉ በጊዜው የተጠናቀቀ» የሚል አጭር ሐረግ ጨመረች። ይህች ሐረግ ሥራውን ጥዬ እንዳልወጣሁ ለአንባቢው ስለምትነግር፣ በእኔ እምነት ከገጹ ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራችው እሷ ናት። ቀድሞ «መረጃ ሰብሳቢ» ብቻ ይል የነበረውም «በገጠር ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየተዘዋወረ በታብሌት መረጃ የሰበሰበ፣ የተሰበሰበውንም በየዕለቱ ለተቆጣጣሪ ያስረከበ» ተብሎ ተጻፈ። የተጨመረ ውሸት የለበትም፤ የሠራሁት ራሱ ነው።

ሌላው ያስተዋለችው ነገር የዘመን አቆጣጠር ነው። የምርጫው ማስረጃዬ ሰኔ 2013 ይላል፤ ከእርዳታ ሥራው የተሰጠኝ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ኦክቶበር 2021 ይላል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ አራት ወር አይሞላም፤ ሁለቱ ቁጥሮች እንዳሉ ቢገለበጡ ግን ስምንት ዓመት ሥራ ፈት ሆኜ የተቀመጥኩ ያስመስላሉ። በዚህም ምክንያት ቀኖቹን በሙሉ ወደ አንድ አቆጣጠር መልሳ፣ በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ ብቻ የአውሮፓውያኑን ተጠቀመች።

ከግንባታ ሥራዎቹ ለአንደኛው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልነበረኝም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት፣ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ገልጻ፣ ማመልከቻውን እዚያው ጻፈችልኝ። ደብዳቤው የሥራ ግብር መከፈሉን እንዲጠቅስም አሳሰበችኝ፤ ከግል ድርጅት የሚቀርብ ልምድ ይህን ካላሟላ ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደማይዙት የሥራ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ማመልከቻውን ካስገባሁ በኋላ ደብዳቤው ተሰጥቶኛል።

ተራዬን ስጠብቅ አንድ ወጣት የሦስት ወር ልምዱን አንድ ዓመት አድርጋ እንድትጽፍለት ሲለምናት ሰምቻለሁ። «ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ሦስት ወር ነው የሚለው፤ ሦስት ወር ብለን አሳምረን እንጻፈው፣ ከዚያ በላይ ግን እኔ አልጽፍም» አለችው። ገቢዋ በየገጹ ከምታገኘው ክፍያ የሚመጣ ሰው እንዲህ ብሎ ሲመልስ ማየት በእውነት ያስከብራል። ወጣቱም ጥቂት ካመነታ በኋላ ቁጭ ብሎ ያስጻፈው እንዳለችው ነው።

ሥራዋ ጊዜ ይወስዳል። የማመልከቻ ማስገቢያ ቀኑ ነገ የሆነበት ሰው ወደ እሷ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ጥያቄዋ ብዙ ነው፣ ያልገባትን ቃል አትጽፍም፣ የተጻፈውንም ባለቤቱ ድምፁን አውጥቶ ሳያነበው አታትምም። የጠየቀችኝ ክፍያ ግን ከተራ የጽሕፈት ዋጋ ብዙም የራቀ አልነበረም።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽን ይባርከው። ከደብረ ሲና፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሀል ሜዳም ሆነ ከሌላው የዞናችን ወረዳ ለመምጣት የምታስቡ ወገኖች የማስረጃዎቻችሁን ዋና ቅጂ፣ የፈረማችኋቸውን የኮንትራት ውሎችና ለመወዳደር ያሰባችሁበትን የሥራ ማስታወቂያ ይዛችሁ ኑ፤ ማስታወቂያውን ሳታነብ ሥራ አትጀምርም። አድራሻዋን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እልክላችኋለሁ፤ ይህን እንዳደርግ እሷም ፈቅዳልኛለች።