ከአዲስ አበባ ሳይወጡ ለቤይሩት ማገልገል፦ የዩ ኤን ቪ የበይነ መረብ በጎ ፈቃድ አገልግሎትን እንዴት አገኘሁት?

በጎ ፈቃደኛ ሲባል በእኛ ዘንድ ለረጅም ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው ከውጭ የሚመጣ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 280 የሚጠጉ የመጀመሪያዎቹ የፒስ ኮር በጎ ፈቃደኞች ኢትዮጵያ ሲገቡ በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤት የነበሩ ተማሪዎች ዛሬ አያቶች ሆነው፣ ያስተማሯቸውን ወጣት አሜሪካውያን በስም እየጠሩ ያወራሉ። ከአገራችን ተነሥቶ ሌላውን አገር ማገልገል ግን ከቪዛና ከአውሮፕላን ቲኬት ዋጋ የተነሣ የማይታሰብ ሆኖ ቆይቷል። ፍላጎቱ ጠፍቶ አይደለም። በየክረምቱ የአቅመ ደካሞችን ቤት ለማደስ ጭቃ የሚያቦካውን፣ በበዓል ሰሞን መቄዶንያ ሄዶ አረጋውያንን የሚያጥብና የሚመግበውን ወጣት ያየ ሰው ይህን አይጠራጠርም።

እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት ወጣቶችን ለበጎ ፈቃድ ወደ ጎረቤት አገር እልካለሁ ወዳለ አንድ ድርጅት ሄጄ ነበር። ለምዝገባና ለሥልጠና የተጠየቅሁት ገንዘብ የአምስት ወር ደመወዜን ይበልጥ ነበር። ምን እንደምሠራ ስጠይቅ ደግሞ የተሰጠኝ መልስ «ማሳደጊያ ውስጥ ከልጆች ጋር ትጫወቻለሽ» የሚል ብቻ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከሚለዋወጥ እንግዳ ጋር እየተላመደ የሚለያይ ሕፃን ምን ያህል እንደሚጎዳ ሳስብ፣ ገንዘቡ ቢኖረኝም ኖሮ ባልሄድሁ እላለሁ።

የተባበሩት መንግሥታት በጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር፣ በተለምዶ ዩ ኤን ቪ የምንለው፣ በዚህ ረገድ ፈጽሞ የተለየ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መርሐ ግብሩ በጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ በጀርመን ቦን ከተማ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው የበይነ መረብ አገልግሎቱ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላውን ሰው ሁሉ ይቀበላል፤ ለመመዝገብም ክፍያ የለውም። አንድ ሥራ ቢበዛ 12 ሳምንት፣ በሳምንት ደግሞ ከ20 ሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ከሁሉ በላይ የወደድሁት ግን ሥራው አስቀድሞ በጽሑፍ መቀመጡ ነው፤ ምን እንደሚሠራ፣ በምን ቋንቋ፣ ለማን እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚያልቅ አውቆ ነው ሰው የሚያመለክተው።

የመጀመሪያ ሥራዬ በሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያት የተዘጋጀ የመብት መረጃ ወረቀት ወደ አማርኛ መተርጎም ነበር። አራት ገጽ ብቻ ስለሆነ በሁለት ቀን የማልቀው መስሎኝ ነበር። «አሠሪ»፣ «የሥራ ውል»፣ «የጉዞ ሰነድ» እያልሁ በጥሩ አማርኛ ከጻፍሁ በኋላ፣ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ ለተመለሰች ጎረቤታችን ወስጄ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ ሰማችኝና «የኔ እህት፣ ይሄ ለቢሮ ሰው ነው የተጻፈው። እዚያ ቤት ውስጥ ሆና በስልኳ ተደብቃ የምታነብ ልጅ ማዳም፣ ኮንትራት፣ ፓስፖርት ካላልሻት ነገሩ የእሷ መሆኑን በምን ታውቃለች?» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ ጽሑፉን ከመጀመሪያው ጀምረን አብረን ጻፍነው። ፓስፖርቷ የተወሰደባት ሴት ምን ማድረግ እንደምትችል የሚናገረው አንቀጽ ላይ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተናል፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ይሄን አንብባ ማዳሟን ብትጋፈጣት ምን ይደርስባታል?» እያለች መዝና ነው ያሳለፈችው። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃድ ለእኔ ትርጉሙ ሌላ ሆኗል።

ሁሉም ሥራ እንዲህ አይደለም። በሁለተኛው ሥራዬ ያስተናገደኝ ማኅበር ጽሑፉን ሳይልክልኝ ሦስት ሳምንት ስላለፈ የቀረውን በጥድፊያ ለመጨረስ ተገድጃለሁ፤ ስለዚህ ከመስማማታችሁ በፊት የሚረከባችሁን ሰው ጽሑፉ ዝግጁ መሆኑን ጠይቁ። ሥራው ክፍያ እንደሌለው፣ የዳታ ወጪውም የራስ እንደሆነ ማወቅ ይገባል። በአማርኛ ማመልከት አለመቻሉ ደግሞ ከልብ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጎረቤቴን የመሰለ፣ ሥራውን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በዚህ በር ሊገባ አይችልም።

በአካል ሄዶ ማገልገል የሚፈልግ ወጣት በዚሁ መርሐ ግብር ከ18 እስከ 26 ዓመት ላሉ ወጣቶች የተለየውን ዘርፍ ቢመለከት መልካም ነው፤ በዚያ ለተመደበ ሰው የወር መተዳደሪያና የጤና መድን ይሰጣል። ውድድሩ ግን ብርቱ ነው። በማመልከቻችሁ ላይ ሰውን መርዳት እንደምትወዱ ከመጻፍ ይልቅ ምን መሥራት እንደምትችሉ፣ የት እንደሠራችሁትና በሳምንት ስንት ሰዓት እንዳላችሁ ጻፉ። የክረምቱ ቤት ዕድሳትም ሆነ የመቄዶንያው አገልግሎት እዚያ ላይ የሚቆጠር ልምድ ነውና አትተዉት።